ድንጋይ ያለበት ዳቦ

«…ድንጋዩ እስኪግል አትቸኩሉ። ቀልቶ ቀልቶ መልሶ ነጣ ሲል፣ ያኔ ነው ሊጡን የምታለብሱት» ይሉ ነበር አያ ንጋቱ። የያዙትን የበግ ጸጉር እያድበለበሉ ባዶ መዳፋቸው ላይ ሲጠቀልሉት፣ እውነት ውስጡ የጋለ ድንጋይ ያለ ይመስለንና እጃቸው እንዳይቃጠል እኛ እንሳቀቅ ነበር።

ልጅ ነበርኩ ያኔ። ከመሐል ሜዳ ብዙም በማይርቀው መንደራችን፣ በጎቹ ከገቡና እራት ከተበላ በኋላ የሰፈሩ ልጆች እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን። አያ ንጋቱ የባና ነጋዴ ነበሩ፤ የበግ ጸጉር ይገዛሉ፣ ያስፈትላሉ፣ ያሠራሉ፣ ከዚያ ያንን ወፍራም ብርድ ልብስ በአህያ ጭነው አገር ላገር ይዞራሉ። ተረታቸው በነጻ አይሰማም። እያንዳንዳችን አንድ አንድ እቅፍ ጸጉር ይሰጠንና አሜኬላውንና ገለባውን እየለቀምን ነው የምንሰማው። እጁን ያሳረፈ ልጅ ካለ ጨዋታውን በመሐል ያቋርጡታል፤ ያኔ ሌሎቻችን ያንን ሰነፍ በክርን እንጎሽመዋለን።

ኩበቱ ዓይን እየቆነጠጠ ይጨሳል፤ የኩራዟ ብርሃን በበሩ ሽንቁር በሚገባው ነፋስ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ፍሙ በአመድ ተሸፍኖ አንዳንዴ ብቻ ብልጭ ይላል። ሌላ ቤት ያለ ሽማግሌ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሲያወራ፣ የአያ ንጋቱ ጨዋታ ሁሉ ስለበሉት ነገር ነበር። እኛ ደግሞ ከገብስ ሌላ እህል የተፈጠረ የማይመስለን ልጆች ነን፤ ገብስ እንበላለን፣ ገብስ እንጠጣለን፣ ገብስ ላይ እንተኛለን። እሳቸው ግን በግሼ በኩል፣ ከራቤል በላይ፣ ሳማ የሚበላበት አገር አለ ይሉናል። ያን እጅ የሚለበልበውን ሳማ ለጋ ለጋውን በጨርቅ ይዘው ይቀጥፉታል፣ ቀቅለው ከገብስ ዱቄት ጋር ያማስሉታል፣ አፍ ላይ ሲደርስ እንደ ግልገል የዋህ ነው። ጀማን ተሻግረው መርሐቤቴ ሲወርዱ ደግሞ ማር ከመሬት ተቆፍሮ ሲወጣ አይተዋል፤ ጣዝማ ይባላል፣ ንቧ ከትንኝ አትበልጥም፣ ማሩ እንደ ውሃ ቀጥኖ ኮምጠጥ ይላል። በምሥራቅ በኩል ገደሉን ወርደው አፋር ጠረፍ ሲደርሱ ደግሞ ያ ዳቦ አለ፤ ብርኩታ፣ ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ይዞ የሚጋገረው።

«አያ ንጋቱ፣ ድንጋዩስ ይበላል?» አለ አንዱ።

«ለቸኮለ ሰው ይበላል» አሉ።

ብርድ በሌለበት አገር ባና ማን ይገዛዎታል ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ግመሉ»። እንስቃለን። ኮርቻው እንዳይልጠው ከሥሩ እንደሚነጠፍለት የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

እነዚያ ማታዎች የተቋረጡት በክፍሌ ምክንያት ነው። ፊት ለፊት አያ ክፍሌ እለዋለሁ፣ በአንቱታ አነጋግረዋለሁ፤ በሆዴ ግን ክፍሌ ብቻ ነው፣ እዚህም እንደዚያው ነው የምጽፈው። መሬቱ ከእኛ መሬት ጋር ይዋሰናል። አባቴ በሞተ በቀጣዩ ክረምት፣ እማዬ ገና ከል ሳታወልቅ፣ የድንበሩን ድንጋዮች ነቅሎ ወደ እኛ ገፋቸው። የወሰዳት ከምንጩ ሥር ያለችውን እርጥቧን መሬት ነው፤ ውርጭ ሌላውን ሲመታ እሷ የምትተርፈውን፣ ቤታችን በእሷ የሚያድረውን።

እማዬ ለሽማግሌ ከሰሰች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ሣሩ ላይ፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አባ ሀብቴ መሐል ተቀምጠው ነገሩ ተሰማ። የእማዬ ምስክር አያ ንጋቱ ብቻ ነበሩ። ድንጋዮቹን ሲተክል አባቴን ያገዙት እሳቸው ናቸው። ቆመው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አጭር ቃል ተናገሩ፤ «ድንጋዩ ቢነቀልም ከሥሩ ከሰል ቀብረናል። ከሰል አይበሰብስም። የነበረበትን ቦታ አሳያችኋለሁ፣ ቆፍራችሁ እዩ።»

እንዲህ ያለ ምስክርነት ነገር ይጨርስ ነበር። ክፍሌ ግን ሳይቸኩል ተነሳ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ በትሕትና ጎንበስ አለ።

«አባቶቼ፣ አያ ንጋቱን እኔም አከብራለሁ። ግን እኚህ ሰው ማታ ማታ ለልጆቻችን ምን እንደሚነግሩ ታውቃላችሁ? ዳቦ ውስጥ ድንጋይ ይጋገራል ይላሉ። ግመል ባና ይለብሳል ይላሉ። ዳቦ ውስጥ ድንጋይ የሚታያቸው ሰው፣ መሬት ውስጥ ከሰል ቢታያቸው ምን ይገርማል?»

ሰዉ በሳቅ ፍርስ አለ። አባ ሀብቴ ራሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ከኋላ አንዱ «አያ ንጋቱ፣ ድንጋዩ በቅቤ ነው በዘይት?» አለና ሳቁ እንደገና ተነሳ። እማዬ ከማንም ጋር አልሳቀችም፤ እኔ ቀሚሷን ይዤ ቆሜ የክፍሌን ጥርስ አይ ነበር፤ ነጭ፣ ሙሉ፣ አንድም ያልጎደለው ጥርስ። አያ ንጋቱ አልተከራከሩም። ክፍሌን ትክ ብለው አዩት፣ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት አድርገው መለሱት፣ ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። ለመቆፈር ዶማ ያነሳ ሰው አልነበረም። «ሌላ ምስክር አምጪ» ተባለች እማዬ። ሌላው ምስክር አባቴ ነበር፤ እሱ አፈር ለብሷል።

በማግሥቱ ማታ ጸጉር ልንለቅም ብንሄድ አያ ንጋቱ በሩን ገርበብ አድርገው «ለራሴ እበቃለሁ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ» አሉን። ከእሳቸው ትከሻ ባሻገር ፍሙ ያው ነው፣ ኩራዟም ያቺው ናት። ከዚያ ወዲያ ተረት አልነገሩም። ገበያ ላይ «ድንጋይ ጋጋሪው መጡ» ይባል ጀመር፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ኋላ በግልጽ፣ ኋላማ ስማቸው እሱ ሆነ። ባና ሲሸጡ እንኳ «ጸጉሩ የእውነት ነው?» የሚል ቀልደኛ አይጠፋም ነበር።

ምድራችን ስትጠብ እኔም ጠበብኩ። ሰባተኛን ሳልጨርስ ደብተሬን ጥዬ መናኸሪያ ገባሁ። መጀመሪያ የመሐል ሜዳ ሚኒባስ ላይ «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን!» እያልኩ በር ላይ ተንጠለጠልኩ፤ ከዚያ በአይሱዙ ረዳትነት ሸዋን አካለልኩት። መናኸሪያ ያሳደገው ሰው ፊደል ቢጎድለውም ውሸታም አይጠፋውም፤ ሰው በር ላይ ቆሞ ከሚያወራው ሁሉ እውነቱን መንጥሮ ማውጣት እንጀራው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ደግሞ መርሳት አልፈለግኩም፤ ቂሜን ከስንቄ ጋር ይዤው ነበር የምዞረው።

ራቤል አንድ ቀን ጭነት እስኪወርድ ምግብ ቤት ገባሁ፤ ቤት ማለቴ አንዲት ሴትዮ ጓዳ ነው። አረንጓዴ ነገር በሳህን አቀረበችልኝ።

«ይሄ ምንድነው እትዬ?»

«ሳማ ነዋ። ከየት ነህ አንተ?»

«ከመንዝ። እኛ ጋ ይለበልባል እንጂ አይበላም።»

«የሚለበልበውማ የመንዝ ሰው ምላስ ነው። ብላ፣ አይነክስህም።»

በላሁ። እንደ ግልገል የዋህ ነበር። ማንኪያውን አስቀምጬ ቀና አልኩና ክፍሌን አሰብኩት፤ ሴትዮዋ ያቃጠለኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ። መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ገበያ ደግሞ አንድ ሰው ለሳል የሚሸጠውን ጣዝማ በማንኪያ ጫፍ አቀመሰኝ፤ ቀጭን፣ ኮምጣጣ፣ የመሬት ሽታ ያለው። ሌላ መንገደኛ የአገሩን ጣፋጭ ሲቀምስ ደስ ይለዋል። እኔ በቀመስኩ ቁጥር ጥርሴን ነው የምነክሰው። እያንዳንዱ ጉርሻ ለአያ ንጋቱ የሚቆም ምስክር ነበር፤ ያ ሁሉ ምስክር በአገሩ ተቀምጦ፣ እሳቸው ያለ ምስክር ተዋርደዋል።

መጨረሻ ላይ አፋር ጠረፍ ላይ የመኪናችን ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ሌላ ጎማ ሊፈልግ በተላላፊ መኪና ሲሄድ እኔ ጭነቱን እየጠበቅሁ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ከግመል ነጂዎች ጋር ተቀመጥኩ። እሳት አንድደው ጥቋቁር ድንጋዮች ከተቱበት። ድንጋዩ ቀላ፣ መልሶ ነጣ አለ። ሊጥ አለበሱት። ፍም ዳር አስቀምጠው እያገላበጡ አበሰሉት። እጄ ላይ አንዱን ሲያስቀምጡልኝ ወዲያው ልነክሰው ስል አንድ ሽማግሌ እየሳቀ ነጠቀኝ። በጣቱ አንጓ ቆረቆረው፣ አውራ ጣቶቹን ስንጥቁ ላይ አሳርፎ ለሁለት ከፈለው፣ ድንጋዩን አሸዋው ላይ ጣለና ጎድጓዳውን እፍ ብሎ መለሰልኝ። የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ውጩ ያረረ ስለሆነ ለመጨረሻ ይተዋል። ይህን ካላዩት አያውቁትም። ያየ እጅ ደግሞ አይረሳውም።

እዚያ አሸዋ ላይ ማልኩ። ይሄንን ዳቦ ክፍሌ ይበላታል፣ በዚያ ነጭ ጥርሱ፣ በሳቁት ሰዎች ፊት።

አያ ንጋቱ መሞታቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። ልጅ የላቸውም፤ ተዝካር የሚያወጣላቸው ሰው አልተገኘም። እኔ አወጣለሁ ብዬ አገሬ ገባሁ። ሰዉ መረቀኝ፤ «የድሃ አደግ ልጅ ውለታ አይረሳም» አሉ። እማዬ ብቻ አልመረቀችኝም። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ስለቅም አይታኝ ገባት። ከወንዝ የወጣ ድንጋይ እሳት ውስጥ ይፈነዳል ብለው አያ ንጋቱ ነግረውናልና፣ ደረቁን ነበር የምመርጠው።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አለችኝ። «በሰው ነፍስ ተዝካር ላይ ነገር አትጋግር።»

«እኔ የምጋግረው ዳቦ ነው እማዬ።»

«የክፍሌን ጥርስ ብትሰብር መሬቴ ይመለሳል?»

«አይመለስም። ግን እሱም አይስቅም።»

የሊጡን ዕቃ አቀበለችኝ። ያንን እስካሁን አልረሳሁላትም።

ክፍሌን ራሴ ሄጄ ጠራሁት። የተዝካር እህል አይመለስም፤ የተጣላም ቢሆን ይመጣል፣ ይበላል፣ ነፍስ ይማር ይላል። «እመጣለሁ እንጂ ልጄ፣ ጎረቤቴ አይደሉም እንዴ» አለኝ። ልጄ ሲለኝ ፈገግ አልኩለት። መናኸሪያ ያስተማረችኝ ሌላው ነገር ይሄ ነው።

በተዝካሩ ቀን ዳሱ ጢም አለ። እንጀራው፣ ወጡ፣ ጠላው ዞረ። ክፍሌ ከአባ ሀብቴ አጠገብ ተቀምጦ ዘንድሮ ውርጩ ገብሱን እንዴት እንደመታው ያወራል። እኔ ከዳሱ ጀርባ ከእሳቱ ላይ ያወጣኋትን አንዲት ብርኩታ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ገባሁ። የምናገረውን ቃል ስንት መንገድ ላይ ስለማመደው ኖሬያለሁ፤ ጥርሱ ቀጭ ሲል «አያ ክፍሌ፣ ዳቦ ውስጥ ድንጋይ የለም ብለው አልነበር?» እለዋለሁ።

«አያ ክፍሌ፣ በሞቴ፣ ይቺን ከእጄ» አልኩት።

ወሬውን ሳያቋርጥ ተቀበለኝ። «…ቁልቁለቱ ላይ ያለው እንኳ ይሻላል አባ፣ ሜዳው ላይ ያለውን ግን አቃጠለው…» ይላል፤ እያለም ዳቦዋን በጣቱ አንጓ ቆረቆራት። አውራ ጣቶቹን ስንጥቁ ላይ አሳረፈ። ለሁለት ከፈላት። ድንጋዩን ሣሩ ላይ ጣለው፣ ጎድጓዳውን እፍ አለበት፣ ከውስጥ ቆንጥሮ ጎረሰ። «…ዘሩን እንኳ ላይመልስ ነው ዘንድሮ…»

የተለማመድኩት ቃል ምላሴ ላይ ቀረ።

አባ ሀብቴ ወደ አፋቸው የወሰዱትን ጠላ መልሰው አስቀመጡ። አጠገባቸው የነበሩትም መብላት አቆሙ፤ አንዱ ሌላውን እየጎሸመ እስከ ዳሱ በር ድረስ የሰዉ ዓይን ሁሉ ሣሩ ላይ ወዳለው ድንጋይ ዞረ። ክፍሌ ብቻ ነበር የሚያላምጠው።

«ክፍሌ» አሉ አባ ሀብቴ።

«አቤት አባ።»

«ምንድነው የጣልከው?»

ወደ ሣሩ አየ። «ድንጋይ ነው።»

«ከየት መጣ?»

«ከዳቦው…» አለና አፉ ቆመ።

«እንዳለበት ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

«አዎ፣ ማንም አልነገረህም። እጅህ ነው ያወቀው። አንተ ቆላ ወርጄ አላውቅም ባይ ነህ፤ የት ለመደው?»

«ልጅ ሆኜ… አንድ ጊዜ ወርጄ ነበር።»

«ከማን ጋር?»

ክፍሌ እጁን በጋቢው ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። ከኋላ ያን ዕለት ስለ ቅቤና ዘይት የቀለደው ሰውዬ ተቀምጦ ነበር፤ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ሳብ አደረገው። እማዬ የጠላ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሌን ፊት ለፊት ስታየው አየኋት።

አባ ሀብቴ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምንጩ ጋ እንሄዳለን። ዶማ ያለው ዶማውን ይዞ ይምጣ። መቆፈር ሲገባን ስቀናል፤ እኔም ስቄያለሁ።»

እሑድ ከምንጩ ሥር የወጣውን ከሰል አገር ሁሉ አይቶታል፤ እማዬም ዘንድሮ እዚያችው መሬት ላይ ገብስ ዘርታለች። ሰዉ አሁን አያ ንጋቱን በገዛ ስማቸው ይጠራቸዋል። ግን የሞተ ሰው አይሰማም። እኔም ይቅር ብዬ እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ፤ አላልኩም። አንድ ሰው ሳያውቅ ቢስቅ አላዋቂ ነው፤ እያወቀ የሳቀውን ምን እንደምለው እስካሁን ስም አላገኘሁለትም። ያን ማታ ማታ በኩበት ጭስ ውስጥ የሰማነውን ሁሉ በየአገሩ ሄጄ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ አያ ንጋቱ ሳይነግሩን ሄዱ፣ በሽማግሌዎቹ ፊትም አፋቸውን ከፍተው የመለሱት እሱን ሳይሆን አይቀርም። እገሌን አብልቼዋለሁ ብሎ በአደባባይ ስሙን ማንሳት ነውር ነው እኛ አገር። ነውሩን ፈርተው የራሳቸውን ስም አሳልፈው ሰጡ።

ይህንን ያወቅሁት ያን ዕለት፣ በተዝካሩ፣ ክፍሌ ነፍስ ይማር ሳይል ተነሥቶ ሲወጣ ነው። ተከትዬው እስከ አጥሩ በር ሄድኩ። ጥርሱን ስላልሰበርኩት ቢያንስ በአንድ ቃል ልወጋው ፈለግሁ።

«አያ ክፍሌ፣ ዳቦው እንዴት ነበር?» አልኩት።

ቆመ። ፊቱን አላዞረም። የዳቦዋን ግማሽ አሁንም በአንድ እጁ ጨብጦ ነበር።

«ጨው አንሶታል» አለኝ። «ንጋቱ ሲጋግርልኝ እንዲህ አልነበረም።»